ድሬ ላይ የሚያጋባን ማን ነው? የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ድሬዳዋ ላይ የሠርግ ወሬ ሲነሳ ስለ ዲኮሩ፣ ስለ መኪናው፣ ስለ ቬሎው ብዙ ይባላል። ስለሚያጋባው ሰው ግን የሚያወራ የለም፤ በተለይ ቀበሌ ተቀምጦ ስለሚያጋባው የክብር መዝገብ ሹም። በዚህ የተነሳ ሰው በማያውቀው ነገር ሲጉላላ አያለሁ። እስኪ በብዛት የሚባሉትን ላንሳ።

«እሱ እኮ ማኅተም መቺ ነው»

በጣም የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው። ድሬዳዋና አዲስ አበባ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ለሹሙ ከባድ ኃላፊነት ሰጥቶታል። ሁለቱም 18 ዓመት መሙላታቸውን፣ የሚከለክል ዝምድና አለመኖሩን፣ አንዳቸውም ሌላ ትዳር እንደሌላቸው ማረጋገጥ አለበት። የጋብቻውን ሐሳብ ለሕዝብ ያስታውቃል። ተቃውሞ ያለው ሰው በጽሑፍ ያቀርባል፤ ሹሙም አይቶ ይወስናል።

ከሁሉም በላይ ግን ፈቃዳቸውን ከራሳቸው አፍ መስማት አለበት። አንዴ ለዘመድ ምስክር ሆኜ ቀበሌ ሄድኩ። ያጋባቻቸው ሹም ሴት ነበረች። ሙሽራዋን ስትጠይቃት ልጅቷ አቀርቅራ ድምጿ ጠፋ። አጎቷ ከኋላ ሆነው «ትፈልጋለች፣ ትፈልጋለች» አሉ። ሹሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ይቅርታ ጋሼ፣ ከእሷ ነው መስማት ያለብኝ» አለችና ዝም ብላ ጠበቀች። ልጅቷ ቀና ብላ ጮክ ብላ እስክትናገር ድረስ መዝገቡን አልነካችም። ማኅተም መምታት ብቻ ቢሆን ኖሮ የአጎትየው መልስ በበቃ ነበር።

«ዳኛ ወይም ትልቅ ባለሥልጣን ነው»

አይደለም። የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ጋብቻ በሚመዘግብበት ጠረጴዛ ላይ ልደት፣ ፍቺና ሞትም ይመዘግባል። ይህ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ነው። አራስ ልጇን ልታስመዘግብ የመጣች እናትና አባቱን የቀበረ ልጅ በአንድ ጠዋት እዚያው ወንበር ላይ ሊቀመጡ ይችላሉ። ሹሙ ከሁለቱም ጋር እንደ ሁኔታቸው መነጋገር ይጠበቅበታል። ለዚህ ሥራ ክብር ልንሰጥ ይገባል እላለሁ።

«ቄሱ ወይም ሼኹ ካጋቡን ቀበሌ ምን አገባው?»

ሕጉ ሦስት ዓይነት ጋብቻ ያውቃል፦ በሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓትና በባህል። በቤተ ክርስቲያን የተፈጸመ ተክሊልም፣ በወሊይ (ሙሽራዋን ወክሎ በሚድር የቅርብ ዘመድ)፣ በሁለት ምስክርና በመህር (ባል ለሚስት በሚሰጠው ስጦታ) የታሰረ ኒካህም ሙሉ ጋብቻ ነው። ቀበሌ እንደገና አያጋባችሁም። ይመዘግባችኋል። ትዳሩም የሚቆጠረው ከተጋባችሁበት ቀን ጀምሮ ነው። ሳይመዘገብ ቢቀር ጋብቻው አይፈርስም። ነገር ግን ውርስ ወይም የውጭ አገር ጉዳይ ሲመጣ ባልና ሚስት ሆናችሁ መኖራችሁን በሰው ምስክር ለማስረዳት መከራ ታያላችሁ። ከእናቶቻችን ስንቶቹ ባላቸው ከሞተ በኋላ በዚህ ተንከራተዋል!

«ሚዜዎቼ አሉ፣ ይበቃል»

በሹም ፊት ለምትጋቡ ከየወገናችሁ ሁለት፣ በድምሩ አራት ምስክሮች ያስፈልጋሉ። ሚዜ ምስክር መሆን ይችላል። ግን ምስክር የሚምለው የሚያውቀውን ነው፤ ቃሉ ሐሰት ከሆነ ይጠየቅበታል። ስለዚህ በደንብ የሚያውቃችሁን ሰው ምረጡ።

«ወላጅ ካልፈቀደ ሹሙ አያጋባም»

18 ዓመት ለሞላው ሰው ሕጉ የወላጅ ፈቃድ አይጠይቅም። የወላጅ ምርቃት ሌላ ነገር ነው፤ እኔም እወደዋለሁ።

«ሚስት የአባቷን ስም ትቀይራለች»

በእኛ አገር እንዲህ የሚያስገድድ ሕግ የለም።

«አርብ ገብተን ቅዳሜ እንፈራረማለን»

ይሄ ከጅቡቲም ከሩቅ አገርም ለሠርግ የሚመጡ ልጆቻችንን የሚያጉላላ ነው። በሹም ፊት የሚጋቡ ሰዎች ሐሳባቸውን ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ማሳወቅ አለባቸው። ቦታውም እንደፈለጉ አይመረጥም። ከሁለቱ አንዱ፣ ወይም የአንዳቸው ወላጅ ወይም የቅርብ ዘመድ፣ ቢያንስ 6 ወር በተከታታይ የኖረበት መሆን አለበት። ሐረር ለምትጋቡ ደግሞ ክልሉ የራሱ የቤተሰብ ሕግ ስላለው እዚያው ጠይቁ። የጥሪ ካርድ ከማሳተማችሁ በፊት፣ አዳራሽም ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ቀበሌ ጎራ ብላችሁ ቀኑን ከሹሙ ጋር ቁረጡ።