«90 ይላል፣ ብር ነው» እና ሌሎች ስለ ደብሊው ኤም ኤፍ የሚወሩ ስህተቶች

ከጀርመን የመጣ ማንኪያና ሹካ ይዞ የሚመጣ ደንበኛ ምን እንደሚለኝ አፉን ሳይከፍት አውቀዋለሁ። ማንኪያውን ገልብጦ ጀርባውን ያሳየኛል። «እየው፣ 90 ይላል። 90 በመቶ ብር ነው!» አንጥረኛ ነኝ፤ ይህን ሳልሰማ የሚያልፍ ወር የለም። ሰልችቶኛል። ስለዚህ አንዴ በደንብ ልጻፈው።

ዕቃው አብዛኛውን ጊዜ ደብሊው ኤም ኤፍ ነው። በደቡብ ጀርመን፣ ጋይስሊንገን በምትባል ከተማ የተመሠረተ የብረታ ብረት ዕቃ ፋብሪካ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

«90 ማለት 90 በመቶ ብር ነው።» አይደለም! ቁጥሩ የሚናገረው ክብደት ነው። 12 የገበታ ማንኪያና 12 ሹካ ለመቀባት በጠቅላላው 90 ግራም ብር ገብቷል ማለት ነው። ለእያንዳንዱ በአማካይ 4 ግራም እንኳ አይደርስም። ከቅቡ ሥር ያለው አልፓካ የሚባል የመዳብ፣ የዚንክና የኒኬል ድብልቅ ነው። መልኩ ብር ይመስላል እንጂ ቅንጣት ብር የለበትም።

በምናውቀው ልስፈረው። አንድ ጠገራ ብር 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከዚያ ውስጥ 23 ግራም ከምናምኑ ንጹህ ብር ነው። እንግዲህ 24ቱም ዕቃ ላይ ያለው ብር ቢሰበሰብ አራት ጠገራ ውስጥ ያለውን አያህልም።

አንዲት እናት ልጃቸው ከሽቱትጋርት የላከችላቸውን ሙሉ ሳጥን ይዘው መጥተው ነበር። ሌላ ቦታ «አቅልጠን የአንገት መስቀል እንሠራልዎታለን» ብለዋቸዋል። «እማማ፣ በማርያም ይዤዎታለሁ፣ እንዳያስቀልጡት» አልኳቸው። ቢቀልጥ የሚገኘው ትንሽ ብር የገባበት መዳብ ነው። መስቀሉም አያምር፣ ማንኪያውም ይጠፋል። ሰሙኝ። አሁን በዓል ሲመጣ እንግዳ ያስተናግዱበታል።

እውነተኛ ብር የምትፈልጉ ከሆነ 800፣ 835 ወይም 925 የሚል ፈልጉ። እነዚህ ከሺህ ስንት እጅ ብር እንዳለ ይናገራሉ። የጀርመን ከሆነ ደግሞ ከ1888 ወዲህ በተሠሩት ላይ የግማሽ ጨረቃና የዘውድ ምልክት አብሮ ይታተማል። 60 ቢል፣ 90 ቢል፣ 100 ቢል ያው ቅብ ነው። 100 ማለት ቅቡ ትንሽ ወፈር ያለ ነው፣ በቃ።

«ቅብ ከሆነማ ማታለያ ነው።» ይሄ ደግሞ የተገላቢጦሹ ስህተት ነው። በኤሌክትሪክ ብር የመቀባት ዘዴ በ1840 በእንግሊዝ፣ በበርሚንግሃሞቹ ኤልኪንግተኖች ፓተንት ተደረገ። ለብር ዕቃ አቅም ያልነበረው ቤተሰብ ያማረ ገበታ ማቅረብ የቻለው በዚህ ነው። ደብሊው ኤም ኤፍ ቶሎ የሚያልቀው ቦታ ላይ፣ ለምሳሌ የማንኪያው ጀርባ ጠረጴዛ የሚነካበት ላይ፣ ተጨማሪ ብር ይደርባል። ቁጥሩንም የሚያትመው ገዢው ስንት ግራም ብር እንደገዛ እንዲያውቅ ነው። ሊያታልል ያሰበ ሰው ይህን አይጽፍም።

«የድሮ ብር ሠሪ ቤተሰብ ንብረት ነው።» መሥራቹ ዳንኤል ሽትራውብ ባለ ወፍጮ ነበር። በ1853 ከሽቫይትሰር ወንድማማቾች ጋር ጀመረው። ያሁኑ ስም የመጣው በ1880 ከኤስሊንገኑ ሪተር ኩባንያ ጋር ሲዋሐዱ ነው። ከ2016 ጀምሮ ደግሞ ባለቤቱ ግሩፕ ሰብ የተባለ የፈረንሳይ ድርጅት ነው።

«ታሪኩ የማንኪያና የሹካ ታሪክ ብቻ ነው።» ይህን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። በ1944 ናዚዎች ጋይስሊንገን ላይ የማጎሪያ ካምፕ ከፈቱ። ከሃንጋሪ ተግዘው አውሽቪትስ በተባለው የናዚዎች የሞት ካምፕ በኩል የመጡ በመቶዎች የሚቆጠሩ አይሁድ ሴቶች በዚሁ ፋብሪካ በግዳጅ ለጦርነቱ ሠርተዋል። የፋብሪካውን ታሪክ የሚያወራ ሰው ይህንንም ያውራ።

«ክሮማርጋን የብር ዓይነት ነው።» አይደለም፣ አይዝጌ ብረት ነው። ፋብሪካው በ1927 ያስመዘገበው ስም ነው። 18 በመቶ ክሮሚየም፣ 10 በመቶ ኒኬል አለው። ቅብ ስላልሆነ አይላጥም።

«ማግኔት ከሳበው ፎርጅድ ነው።» የቢላው ስለት ከሌላ ዓይነት ብረት ስለሚሠራ ይሳባል። ብርም አልፓካም አይሳቡም። ስለዚህ ብርን በማግኔት መለየት አይቻልም።

«ከጠቆረ ሐሰተኛ ነው።» እንዲያውም የሚጠቁረው ብሩ ነው። አየርና ምግብ ውስጥ ያለ ድኝ ሲነካው ይጠቁራል፤ የዶሮ ወጥ እንቁላል ላይ የዋለ ማንኪያ በዚያው ቀን ይታጠብ። እባካችሁ በድስት ሽቦ አትፈትጉት! በሽቦ የሚሄደው ያቺው 4 ግራም የማትሞላ ብር ናት። ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ የአልሙኒየም ፎይል አንጥፉ፣ ማንኪያው ፎይሉን ይንካ፣ ቤኪንግ ሶዳና የፈላ ውሃ ጨምሩበት። ድኙ ወደ አልሙኒየሙ ይሄድና ብሩ ማንኪያው ላይ ይቀራል። ከዚያ አለቅልቃችሁ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ አድርቁት። ቢላዎቹን ግን አትንከሩ፤ እጀታቸው ባዶ ከሆነ ስለቱን የያዘው ማጣበቂያ በሙቀት ይለቃል። እነሱን በለስላሳ ጨርቅ ብቻ ወልውሏቸው።