መጽሐፍ ስንጠቁም የምንሳሳታቸው ነገሮች፦ ለአዋቂም ለሕፃንም

«ምን ላንብብ?» ለሚል ሰው መልሳችን አፋችን ላይ ነው። የምንወደውን መጽሐፍ ስም እንጠራለን፣ በቃ። የሚጠይቀን ሰው ምን እንደሚወድ፣ መቼ መቼ ጊዜ እንደሚያገኝ አንጠይቅም። ለልጅ ስንመርጥማ ይብሳል። ደጋግሜ የምሰማቸውን አንዳንድ የተሳሳቱ አመለካከቶች ላንሳ።

«ልብ ወለድ በፍቅር እስከ መቃብር ነው የሚጀመረው»

የሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ በ1958 ዓ.ም. ታተመ። እኔም ከማንኛውም የአማርኛ ልብ ወለድ አስበልጬ እወደዋለሁ። ለጀማሪ ግን ይከብዳል። ታሪኩ የሚነሳው ከዋናው ገጸ ባሕርይ ከበዛብህ ወላጆች፣ ከቦጋለ መብራቱና ከውድነሽ በጣሙ ነው። በዛብህ የሚያፈቅራት ሰብለ ወንጌል ጋ ለመድረስ ትዕግሥት ይጠይቃል። ማንበብ ያልለመደ ሰው መንገድ ላይ ይደክመዋል፤ ከዚያ «እኔ ማንበብ አይሆንልኝም» ብሎ ይተወዋል። ያሳዝነኛል፤ ችግሩ እሱ ጋ አይደለምና።

ፊልም ለሚወድ ወጣት የበዓሉ ግርማን ኦሮማይ እሰጠዋለሁ። በ1975 ዓ.ም. የታተመ ነው። ደርግ ኤርትራ ውስጥ ባካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ወቅት አስመራ ላይ የሚሆን ታሪክ ነው፤ ስለላም፣ ፍቅርም፣ ጦርነትም አለበት። በዓሉ ጋዜጠኛ ስለነበር ዐረፍተ ነገሩ አያንዛዛም። ፍቅር እስከ መቃብርን ደግሞ በጆሮ መጀመር ይቻላል። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከው ዛሬም ዩቲዩብ ላይ አለ። ከገጸ ባሕርያቱ አንዱን፣ ጉዱ ካሳን፣ በወጋየሁ ድምፅ የሰማ ሰው መጽሐፉን መፈለጉ አይቀርም።

«የጀመሩትን መጽሐፍ መጨረስ ግዴታ ነው»

አይደለም። ካልያዘዎት ያስቀምጡትና ሌላ ያንሱ።

«ፊደል ያልቆጠረ ልጅ መጽሐፍ ምን ያደርግለታል?»

ብዙ ወላጅ መጽሐፍ የሚገዛው ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ ነው። ያኔ መጽሐፍ ማለት የቤት ሥራ ይሆንበታል። የሁለት ዓመት ልጅ ጭንዎ ላይ አስቀምጠው አንድ የሥዕል መጽሐፍ ይግለጡለት። መጀመሪያ ገጹን ይመታዋል፣ ይጎትተዋል፣ ጥጉን አፉ ውስጥ ይከተዋል። ትንሽ ቆይቶ ዶሮዋ ላይ ጣቱን ያሳርፋል። እርስዎ «ዶሮ! ምን ትላለች?» ይሉታል። ሌላ ቀን ሳይጠይቁት ራሱ ይጮኽልዎታል። ማንበብ የጀመረው እዚያ ጋ ነው። ገጽ እንደሚገለጥ፣ ሥዕልና ቃል እንደሚገናኙ፣ ታሪክ መጀመሪያና መጨረሻ እንዳለው እየለመደ ነው።

ስለዚህ ለዚህ ዕድሜ ስመርጥ ወፍራም ካርቶን ገጽ፣ ትልልቅ ሥዕል፣ በአንድ ገጽ ከአንድ ሁለት ዐረፍተ ነገር ያልበለጠ ጽሑፍ እፈልጋለሁ። የሚደጋገም ሐረግ ካለው እሰየው፤ ልጁ አብሮ ይለዋል። ያንኑ መጽሐፍ በየማታው «ድገምልኝ» ካለዎት ይድገሙለት። ቀጥሎ የሚመጣውን ማወቁ ነው የሚያስደስተው፤ ቃላቱም የሚያዙት በድግግሞሽ ነው።

«ጥሩ የልጆች መጽሐፍ ምክር የሚሰጥ ነው»

እዚህ ላይ ከብዙ ሰው ጋር አልስማማም። ገበያው ላይ ያሉ ብዙ የልጆች መጻሕፍት «ስለዚህ ልጆች፣ ከዚህ የምንማረው…» ብለው ይዘጋሉ። ልጅ ምክር ሲመጣ ያውቃል፤ ዓይኑ ወዲያው ሌላ ቦታ ይሄዳል። ጅብና አህያ ያሉበትን አስቂኝ ተረት ያንብቡለት፤ ሲያልቅ ዝም ይበሉ። የሚጠይቀውን ራሱ ይጠይቅዎታል።

«ተረት የልጆች ብቻ ነው»

የከበደ ሚካኤል ታሪክና ምሳሌ እዚህ ላይ ይጠቅማል። አጫጭር ታሪኮች፣ ብዙዎቹ በግጥም የተጻፉ። ልጁ እንስሳቱንና ቤት የሚመታውን ቃል ይወዳል፤ አዋቂው ስለ ሥልጣንና ስለ ስግብግብነት የተባለውን ያነባል። ለቤተሰብ አንድ መጽሐፍ ብቻ ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ። ማታ አንዷን ድምፅ አውጥቶ ማንበብ ብዙ ጊዜ አይወስድም።

«በአማርኛ የልጆች መጽሐፍ የለም»

ከሚያስፈልገን ያንሳል እንጂ አለ። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ አዲስ አበባ ሾላ አካባቢ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፍተው፣ አዋሳ ላይ ደግሞ መጻሕፍት በአህያ ጋሪ ወደ ልጆች እንዲሄዱ አድርገዋል። ዛሬ አፍሪካን ስቶሪቡክ በሚባለው ድረ ገጽ ላይ በአማርኛ የተጻፉ የሥዕል ታሪኮች በነፃ ይገኛሉ፤ በስልክ ማንበብም፣ ማተምም ይቻላል። ሬዲ ሴት ጎ ቡክስ በሚል ስም የሚወጡት ደግሞ አማርኛና እንግሊዝኛ በአንድ ገጽ አላቸው። ውጭ አገር ልጅ ለሚያሳድጉ በተለይ እነዚህን እጠቁማለሁ፤ አማርኛው የከበደው ልጅ እንግሊዝኛውን አይቶ ይቀጥላል። አንዱን ለአያቱም ይላኩላቸው፤ በቪዲዮ ሲደውሉ ያነቡለታል።