ጭራቁ ለምን ጭራቅ ሆነ? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ለምን እንደሚገድል ካልተነገረን ገፀ ባህሪው ጎዶሎ ነው»

በ1978ቱ አስፈሪ ፊልም «ሃሎዊን» (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ማይክል ማየርስ የ6 ዓመት ልጅ ሳለ እህቱን በቢላ ይገድላል። ምክንያቱን ፊልሙ ትንፍሽ አይልም። ሐኪሙ ዶክተር ሉሚስ 8 ዓመት ሊቀርበው ደክሞ አልሆነለትም፤ ቀጣዮቹን 7 ዓመታት ከተቆለፈበት እንዳይወጣ ሲታገል ነው የኖረው። ተመልካቹም ምክንያት ስላልተሰጠው ቀጥሎ ማን እንደሚጠቃ መገመት አይችልም፤ ፍርሃቱ የሚመነጨው ከዚያ ነው። የ1981ዱ ተከታይ ግን ማይክል የሚያሳድዳት ወጣት ሎሪ እህቱ ናት አለ። በሰፈሩ ሰው ሁሉ ላይ ያንዣበበው አደጋ የቤተሰብ ጉዳይ ሆነ። የዳይሬክተር ሮብ ዞምቢ የ2007 ቅጂ ደግሞ የተበጠበጠ ቤቱንና የሚያሾፉበትን የትምህርት ቤት ልጆች እያሳየ በልጅነቱ ላይ ረጅም ጊዜ ወሰደ፤ ጭምብሉን አጥልቆ ሲመጣ አስቀድመን አዝነንለታል። ያዘኑለትን መፍራት ደግሞ ይከብዳል። የ2018ቱ ፊልም ዝምድናውን መሰረዙ ደግ አደረገ።

«እንግዲያው የኋላ ታሪክ ሁሌም ያበላሻል»

አያበላሽም። በ«ብላክ ፓንተር» (2018) የባላጋራውን የኪልሞንገርን አባት በ1992 ኦክላንድ ውስጥ የገደለው የገዛ ወንድሙ፣ የጀግናው አባት ንጉሥ ትቻካ ነው። ልጁ እዚያው ተጥሎ ቀረ። ምስጢሩ ሲወጣ ጀግናው ትቻላ የሞተ አባቱን ይሞግታል፤ በመጨረሻም ግድያው የተፈጸመበትን ሕንፃ ገዝቶ የአገሩ የዋካንዳ የእርዳታ ማዕከል ያደርገዋል። ስክሪፕት የምትጽፉ እንዲህ ሞክሩት፦ የኋላ ታሪኩን አውጡና የመጨረሻውን ትዕይንት አንብቡ። ምንም ካልጎደለው ታሪኩ ትርፍ ነበር።

«መነሻው ካልተገለጸ ጭራቁ አይገባንም»

መነሻና አሠራር ሲምታቱ ነው ይህ የሚባለው። «ኤሊየን» (1979) አሠራሩን አንድ በአንድ ያሳያል፦ እንቁላል፣ ፊት ላይ የሚጣበቅ ፍጡር፣ ደረት ሰንጥቆ የሚወጣ ጨቅላ፣ ከዚያ ግዙፉ አውሬ። ደሙ አሲድ ነው። ፊት ላይ የተጣበቀውን ፍጡር እግር ሊቆርጡ ሲሞክሩ የፈሰሰው የጠፈር መርከቧን ወለል እየበሳ ወደ ታች ስለወረደ፣ ማቁሰል ራሱ መርከቧን ማጥፋት እንደሆነ ገባን። ይህ ሳይነገር ውጥረቱ አይያዝም። ከየት መጣ የሚለው ግን መነገር አልነበረበትም፤ በዚሁ ተከታታይ በ2017ቱ ፊልም ዴቪድ የተባለው ሰው ሠራሽ ፍጡር እያዳቀለ ሲሠራው አየን፣ ያ ሁሉ እንቆቅልሽ የአንድ ቤተ ሙከራ ውጤት ሆኖ ቀረ።

«የሚነገረው ታሪክ እውነት መሆን አለበት»

በ2008ቱ «ዘ ዳርክ ናይት» የባትማን ባላጋራ ጆከር ስለ ጠባሳው አንዴ ሰካራም አባቱ በቢላ እንደቀደደው፣ አንዴ ደግሞ ለሚስቱ ሲል ራሱ በምላጭ እንደሰነጠቀው ይናገራል። ሁለተኛውን ስንሰማ የመጀመሪያው ይፈርሳል፣ ሁለተኛውም አይታመንም። ለሦስተኛ ጊዜ ሊጀምር ሲል ባትማን ሳያስጨርሰው ይመታዋል።