ኮቶ፦ ከሃኖይ ጎዳና ወደ ሆቴል ወጥ ቤት

ኮቶ በቬትናም ዋና ከተማ በሃኖይ የተመሠረተ፣ ምግብ ቤትም ማሠልጠኛም የሆነ ተቋም ነው። ጎዳና ላይ ያደጉ፣ አሳዳጊ ያጡ ወይም ቤተሰባቸው ከመደኽየቱ የተነሣ ጎዳና ለመውጣት አንድ ሐሙስ የቀራቸውን ከ16 እስከ 22 ዓመት የሆኑ ወጣቶች ይቀበላል። ለ24 ወራት ምግብ ዝግጅት ወይም መስተንግዶ አስተምሮም ሥራ ያስይዛል። ስሙ «ኖው ዋን፣ ቲች ዋን» የሚለው የእንግሊዝኛ ሐረግ ምሕጻር ሲሆን ያወቀ ላላወቀው ያስተምር እንደ ማለት ነው። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ «ያልተማረ ይማር፣ የተማረ ያስተምር» ሲባል ለሰማ ኢትዮጵያዊ ሐሳቡ እንግዳ አይሆንበትም። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መሥራቹ ጂሚ ፋም በ1972 ሳይጎን ውስጥ ከቬትናማዊት እናትና ከኮሪያዊ አባት ተወለደ። በልጅነቱ ከአገሩ ወጥቶ አውስትራሊያ አደገ። በ1996 አስጎብኚ ሆኖ ወደ ትውልድ አገሩ ሲመለስ ኮኮናት ሲያዞሩ የዋሉ ልጆችን አገኘና ራት አበላቸው። ነገሩ በአንድ ራት አላበቃም፤ ለተወሰኑ ዓመታት እየሠራ ካገኘው ላይ ለምግብና ለመጠለያ ሲሰጣቸው ቆየ። ከዚያ ግን የምትሰጠንን ብር ትተህ ሥራ አስተምረን ያሉት ልጆቹ ራሳቸው መሆናቸውን ይናገራል። በ1999 ከዘጠኝ ወጣቶች ጋር ሃኖይ ውስጥ አንዲት ትንሽ ሳንድዊች ቤት ተከፈተች።

ቤቱ ብዙም ሳይቆይ ሰፋ ብሎ ወደ ቫን ሚየው መንገድ ተዛወረ። ቦታው አጋጣሚ ይሁን አይሁን ያስገርማል። ከፊት ለፊቱ በ1070 የተሠራው የሥነ ጽሑፍ ቤተ መቅደስ አለ፤ በ1076 ደግሞ የመሳፍንትና የመኳንንት ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት እዚያው ግቢ ውስጥ ተከፍቷል። በግቢው በድንጋይ ኤሊዎች ጀርባ ላይ የቆሙ 82 ጽላቶች ይታያሉ፤ የንጉሡን ከፍተኛ ፈተና ያለፉ ሊቃውንት ስም ተቀርጾባቸዋል። ከመንገዱ ማዶ ደግሞ የልደት ወረቀት እንኳ የሌላቸው ልጆች ሽንኩርት መክተፍ ይማሩ ነበር። በኅዳር 2000 ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን ሃኖይን ሲጎበኙ ወደዚህ ቤት ጎራ ማለታቸው ስሙን ከቬትናም ውጭ አስጠራው።

ልጆቹ ከየት ይመጣሉ? በ1986 «ዶይ ሞይ» የተባለው የኢኮኖሚ ተሐድሶ ከታወጀ በኋላ ከገጠር ወደ ከተማ የሚጎርፈው ሰው በዛ። ሊስትሮ የሚሠሩ፣ ፖስትካርድና ማስቲካ የሚያዞሩ፣ እኛ አገር ሱቅ በደረቴ የምንላቸው ዓይነት ልጆች በሐይቆቹ ዳርቻና በአሮጌው ሰፈር ተሰማሩ። ቬትናሞች የጎዳና ልጅን «ቡዪ ዶይ» ይሉታል፤ ቃል በቃል የሕይወት አቧራ ማለት ነው። ስድቡ አንድ ነገር ነው፤ ከእሱ የሚብሰው ግን «ሆ ኻው» የሚባለው የቤተሰብ ምዝገባ ደብተር ነበር። የመኖሪያ ምዝገባው ገጠር የቀረ ወይም ጭራሹን ያልተመዘገበ ልጅ ከተማ ውስጥ የመንግሥት ትምህርት ቤት መግባትም ደንበኛ ሥራ መቀጠርም ይቸግረው ነበር። የቀበሌ መታወቂያ ሳይኖረው አዲስ አበባ ላይ የተንከራተተ ሰው ይህን ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። የወረቀቱ ደብተር አገልግሎት ያቆመው በ2023 መጀመሪያ ላይ ነው።

ስለ ኮቶ ሲወራ ሁሌም የሚነሣው ሙያው ነው። በእኔ ግምት ግን ሙያው ቀላሉ ክፍል ነው። ሽንኩርት አከታተፍ፣ ቢላ አያያዝ፣ ሦስት ሳህን በአንድ እጅ ይዞ መሄድ በጥቂት ወራት ይለመዳል። ለዓመታት በራሱ ሰዓት ሲተኛና ሲነሣ፣ ለቀኑ ብቻ ሲያስብ፣ የሚቆጣውን ሰው ወይ ሲመታ ወይ ሲሸሽ የኖረ ልጅ ማለዳ ተነሥቶ ዩኒፎርም ተኩሶ በሰዓቱ መገኘትና የዋና ሼፉን ቁጣ ችሎ መቆም ነው የሚከብደው። ለዚህ ነው ሥልጠናው ከሁለት ዓመት ያላነሰው። ሠልጣኞቹ መኖሪያ፣ ምግብ፣ ሕክምና፣ ዩኒፎርምና ጥቂት የኪስ ገንዘብ ይሰጣቸዋል። ከሙያው ጎን እንግሊዝኛ አለ፤ ገንዘብ አያያዝን፣ ንጽሕናን፣ ንዴትን መቆጣጠርን የሚያስተምር የኑሮ ክህሎት ትምህርትም አለ። ከክፍል በኋላ ገንዘቡን ከፍሎ የሚበላ እውነተኛ እንግዳ ወዳለበት ምግብ ቤት ይወጣሉ።

እዚያ የሚገጥማቸውን በአንድ ሳህን ምግብ ማየት ይቻላል። ቡን ቻ የሃኖይ የምሳ ምግብ ነው፤ ከሰል ላይ የተጠበሰ የአሳማ ሥጋ በዓሣ ሶስ በተሠራ ለብ ያለ መረቅ ውስጥ ገብቶ ከቀጭን የሩዝ ኑድልና ከጥሬ ቅጠላ ቅጠል ጋር ይቀርባል። ሃኖይ ያደገ ልጅ ሲያገኝ የሚበላው የእግረኛ መንገድ ላይ፣ ቁመቷ ስንዝር የማትሞላ በምትመስል የፕላስቲክ በርጩማ ቁጢጥ ብሎ ነው። አሁን ያንኑ ምግብ ለባዕድ ሰው በጠረጴዛ ልብስ ላይ ያቀርባል፤ ምን እንደሆነ በእንግሊዝኛ ያስረዳል፤ ኦቾሎኒ የማይስማማው እንግዳ እንዳለ አስቀድሞ ይጠይቃል። ምግብ አጥቶ ላደረ ልጅ ሰው በኦቾሎኒ ሊሞት ይችላል ሲሉት ምን እንደሚያስብ እንጃ።

ቬትናሞች እንደኛው ሰውን በባዶ ስሙ መጥራት ይከብዳቸዋል። በዕድሜ የሚበልጥ ወንድ «አኝ»፣ ሴቷ «ቺ»፣ ታናሽ «ኤም» ይባላል፤ ጋሼ፣ እትዬ፣ ታናሼ ብንል ይቀራረባል። አዲስ የገባው በነባሩ ሥር ሆኖ ሲሠራ የተቋሙ ስም ትርጉም ያገኛል፤ ትናንት የተማረው ዛሬ ያሳያል። ሲጨርሱ ከአውስትራሊያው ቦክስ ሂል ኢንስቲትዩት ጋር የተሳሰረ የሙያ ማረጋገጫ ይሰጣቸዋል። ወረቀት ሳይኖረው ለኖረ ልጅ ይህ ማስረጃ ከፍ ያለ ግምት አለው፤ ቀጣሪው ሆቴልም የሚያየው የልጁን ያለፈ ታሪክ ሳይሆን ይህንኑ ነው።

መስተንግዶ የተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት አይጠይቅም፤ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ይፈልጋል። በ1995 ቬትናምን የጎበኘው የውጭ ሰው 1.3 ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ በ2019 ወደ 18 ሚሊዮን ደረሰ።

ሐሳቡ የኮቶ ብቻ አይደለም። በካምቦዲያ ፕኖም ፔን «ፍሬንድስ» የተባለው ድርጅት በ1994 ከጎዳና ልጆች ጋር ሥራ ጀምሯል። በምግብ ቤቶቹ የሚያስተናግዱት ወጣቶች ካናቴራ ጀርባ ላይ «ተማሪ»፣ አሠልጣኞቹ ላይ «መምህር» የሚል ተጽፎበታል፤ እንግዳው ዘግይቶ በመጣ ሾርባ ማንን መቆጣት እንደሌለበት ያውቃል። ድርጅቱ ልጆች የቱሪስት መስሕብ አይደሉም የሚል ዘመቻም አካሂዷል። ከልጅ ማስቲካ መግዛት ልጁን ጎዳና ላይ ያቆየዋል፤ ይልቁን ያሠለጠንናቸው የሚሠሩበት ቤት ገብታችሁ ብሉ ነው የሚለው። በአሜሪካ ኒው ኦርሊንስ ካፌ ሪኮንሳይል፣ ዳላስ ደግሞ ከወጣት ጥፋተኞች ማቆያ የወጡ ልጆችን የሚቀጥረው ካፌ ሞመንተም አሉ። ለንደን ላይ ታዋቂው ሼፍ ጄሚ ኦሊቨር በ2002 አሥራ አምስት ሥራ አጥ ወጣቶችን ይዞ «ፊፍቲን»ን ከፍቶ ነበር፤ በ2019 የምግብ ቤት ኩባንያው ሲከስር አብሮ ተዘጋ።

የፊፍቲን መዘጋት የዚህን አሠራር ስስ ብልት ያሳያል። ምግብ ቤት በጤናውም ትርፉ ቀጭን ነው፤ እንጀራው ላይ የመኖሪያ፣ የሕክምናና የመምህር ወጪ ሲጫንበት ከሽያጭ ብቻ አይሸፈንም። ኮቶም ከገበታው ገቢ ሌላ የለጋሽ እጅ ይሻል። ሙያው ራሱም ሁሉን አያነሣም። ደመወዙ ሲጀመር ዝቅ ያለ ነው፤ ሌሊት መሥራትና መጠጥ አጠገብ መዋል አለበት፤ ከሱስ ጋር የሚታገል ልጅ ባር ቆሞ ይሠራ ማለት ያስፈራል። ዕድሜው ለሥራ ያልደረሰውም የሚያስፈልገው ትምህርት ቤት ነው።

ቬትናም ለኮቪድ ብላ በመጋቢት 2020 ለውጭ ጎብኚ በሯን ስትዘጋ፣ መልሳ እስክትከፍት ድረስ ሁለት ዓመት ፈጀ። ሠልጣኞቹ መስተንግዶን የሚለማመዱበት እንግዳም፣ የሚቀጥራቸው ሆቴልም ባንድ ላይ ጠፉ።