የዓባይ በረሃ የፍራፍሬ ዛፎች አመጋገብ

ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ ደጀንን እንዳለፈ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። ከአፋፉ እስከ ወንዙ ያለው ቁልቁለት ከ1,000 ሜትር ይበልጣል። ላይ ጤፍና ስንዴ የሚዘራበት ደጋ ነው፤ ታች ለማንጎ፣ ለሎሚና ለፓፓያ የሚስማማ ቆላ። ስለ በረሃ እርሻ ሲነሳ ብዙ የሚወራው ስለ ውኃ ነው። የዛፉ ምግብ ግን ከውኃው እኩል ሊታሰብበት ይገባል።

በሸለቆው ገደል ላይ ከጥቁሩ ድንጋይ በታች ወፍራም የኖራ ድንጋይ ንብርብር ይታያል። ከኖራ ድንጋይ የተገኘ አፈር አልካላይን፣ ማለትም የአሲዳማ ተቃራኒ ይሆናል፤ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ብዙውን ጊዜ ከ7 ያልፋል። እንዲህ ባለ አፈር ዚንክና ብረት ቢኖሩም ስለማይሟሙ ሥሩ ሊወስዳቸው አይችልም፤ ፎስፈረስም ከካልሲየም ጋር ይጣበቃል። ደረቅ አፈር ላይ ኮምጣጤ ጠብ ሲደረግበት አረፋ ከደፈቀ ኖራ አለበት ማለት ነው።

ጉድለቱ ቅጠል ላይ ይታያል። ናይትሮጅን ሲያንስ መጀመሪያ የሚገረጣው አሮጌው ቅጠል ነው። ብረት ሲያንስ አዲሱ ቅጠል ይቢጫል፣ ደም ሥሮቹ ግን አረንጓዴ ሆነው ይቀራሉ። ዚንክ ያጣ ሎሚ ወይም ብርቱካን ደግሞ ቅጠሉ አንሶና ጠቦ ይወጣል፤ የቅርንጫፉ ጫፍ ላይም ቅጠሎቹ ይጨናነቃሉ። የብረት ወይም የዚንክ ጉድለት አይቶ ናይትሮጅን የሚሰጠውን ዩሪያ መጨመር ገንዘብ ማባከን ነው።

ችግሩ በስፋት ከተጠናባቸው ቦታዎች መካከል በአሜሪካ የአሪዞናና የኒው ሜክሲኮ በረሃዎች የሚገኙት ፒካን የተባለ በዛፍ ላይ የሚያፈራ ለውዝ እርሻዎች ይገኙበታል። እዚያ አፈር ላይ የተበተነ ዚንክ ወዲያው ስለሚታሰር ገበሬዎቹ ዚንክ ሰልፌት በውኃ በጥብጠው ገና እየተዘረጋ ባለ ቅጠል ላይ ይረጫሉ። ዚንክ ከአሮጌ ቅጠል ወደ አዲሱ እምብዛም ስለማይሄድ ርጭቱን ይደጋግሙታል። ዘዴው ለዓባይ ሸለቆ ሎሚና ማንጎም ይሠራል፤ ርጭቱ ፀሐይ ሳይበረታ በማለዳ ይሁን። የበሰለ ፍግና ብስባሽ ከዛፉ ሥር ማልበስም እርጥበት ያቆያል፣ የታሰረውንም ንጥረ ነገር ቀስ በቀስ ያላቅቃል።

በአዊና በምዕራብ ጎጃም ደጋ ያለው ቀይ አፈር የበረሃው አፈር ተቃራኒ፣ አሲዳማ ነው። በብዙ ቦታ ፒኤቹ ከ5.5 በታች ወርዶ አሉሚኒየም ሥሩን ይጎዳል፤ መድኃኒቱም የተፈጨ ኖራ ነው። ያንኑ ኖራ ታች በረሃው ላይ መበተን ግን የዚንኩንና የብረቱን እጥረት ያባብሳል። ስለዚህ ማዳበሪያም ሆነ ኖራ ከመግዛት በፊት የአፈሩን ናሙና ማስመርመር ይቀድማል።