ባዶ ዋጋ (ናል) በዳታቤዝ ስሌት

በኤስኪውኤል (ዳታቤዝን የምንጠይቅበት ቋንቋ) ሠንጠረዥ ውስጥ ናል ማለት «ዋጋው አልተሞላም» ወይም «አይታወቅም» ማለት ነው። ዜሮ አይደለም፤ ፊደል የሌለው ባዶ ጽሑፍም አይደለም። ኦራክል የተባለው ዳታቤዝ ግን ባዶ ጽሑፍን ራሱን ናል አድርጎ ስለሚያስቀምጥ፣ ከሌላ ዳታቤዝ ወደ እሱ ወይም ከእሱ ወደ ሌላ የሚሸጋገር ሰው ይህን አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

ሕጉ አጭር ነው፦ በሒሳብ ውስጥ አንዱ ወገን ናል ከሆነ ውጤቱም ናል ነው። ናል በዜሮ ሲባዛ እንኳ ናል ይሆናል። እንደ ሰም (ድምር)፣ አቨሬጅ (አማካይ) እና ካውንት (ቆጠራ) ያሉት ማጠቃለያ ፋንክሽኖች ግን ናልን ዘለው ያልፋሉ። አብዛኛው የሪፖርት ስሕተት የሚወለደው እነዚህ ሁለት ጠባዮች ሲገናኙ ነው።

የአምስት ሠራተኞችን የደመወዝ ሠንጠረዥ እንውሰድ። የእያንዳንዳቸው ደመወዝ 8000 ብር ነው። በትርፍ ሰዓት ዓምድ የሦስቱ 600፣ 900 እና 1500 ተሞልቷል፤ የሁለቱ ናል ነው። የሁለቱን ዓምዶች ሰም ለየብቻ አውጥቶ የሚደምር መጠይቅ (ለዳታቤዙ የሚቀርብ ጥያቄ) 43000 ይሰጣል። በየረድፉ ደመወዝና ትርፍ ሰዓትን ደምሮ ከዚያ ሰም የሚያወጣው ግን 27000 ብቻ ይመልሳል። የጎደለው 16000 ብር ትርፍ ሰዓታቸው ያልተሞላው የሁለቱ ሠራተኞች ደመወዝ ነው። መጠይቁ በስሕተት አይቆምም፤ ቁጥሩን አምጥቶ ያስቀምጣል።

አማካዩም እንዲሁ ነው። አቨሬጅ 3000ን ለ3 አካፍሎ 1000 ይላል፤ ናሉ በዜሮ ቢተካ ለ5 ተካፍሎ 600 ይሆናል። ካውንት በኮከብ ምልክት ሲጠራ ረድፎቹን ራሳቸውን ስለሚቆጥር 5፣ በትርፍ ሰዓት ዓምድ ሲጠራ 3 ይቆጥራል።

መተኪያው ኮአሌስ ነው፤ ከተሰጡት ዋጋዎች ናል ያልሆነውን የመጀመሪያውን ይመልሳል፣ በሁሉም ትልልቅ ዳታቤዞችም ይሠራል። ኦራክል ኤንቪኤል፣ ማይኤስኪውኤልና ኤስኪውላይት ኢፍናል የሚባል ተመሳሳይ ፋንክሽን አላቸው። የኤስኪውኤል ሰርቨሩ ኢዝናል ደግሞ የመጀመሪያውን ዋጋ ዓይነትና ርዝመት ስለሚወርስ ረዘም ያለ መተኪያ ጽሑፍን ይቆርጣል። ኮአሌስ የሚገባበት ቦታም ለውጥ ያመጣል። ከሰም ውስጥ ከገባ እያንዳንዱን ናል ይተካል፤ ነገር ግን ማጣሪያው አንድም ረድፍ ካላገኘ ሰም ራሱ ናል ይመልሳል። ይህን የሚይዘው ከሰም ውጭ የተቀመጠ ኮአሌስ ነው።

ዜሮ መተካት ግን ሁልጊዜ ትክክል አይደለም። ሠራተኛው ትርፍ ሰዓት ካልሠራ ዜሮ እውነት ነው። የሰዓት መቆጣጠሪያው ቅጽ ገና ካልደረሰ ግን ዜሮ መጻፍ ያልታወቀውን እንደታወቀ ማስመሰል ነው፤ አማካዩንም ያለ አግባብ ያወርዳል። ይህን መወሰን ያለበት የዓምዱን ትርጉም የሚያውቀው ክፍል ነው፣ መጠይቁን የሚጽፈው ሰው ብቻውን አይደለም።

ለማካፈል ናል ራሱ መድኃኒት ይሆናል፦ አካፋዩን በናልኢፍ ከዜሮ ጋር ስናወዳድር ዜሮው ወደ ናል ይለወጣል፣ መጠይቁም በዜሮ በማካፈል ስሕተት አይቋረጥም።

በማጣሪያ ላይ ናልን በእኩል ምልክት መፈለግ ምንም አያመጣም፤ መልሱ እውነትም ሐሰትም ሳይሆን «አይታወቅም» ስለሆነ ረድፉ አያልፍም። ኢዝ ናል ተብሎ በሁለት ቃል መጻፍ አለበት። ከሁሉም የከፋው ኖት ኢን («በዝርዝሩ ውስጥ የሌለ» የሚለው ማጣሪያ) ነው፦ በዝርዝሩ ውስጥ አንድ ናል ከገባ መጠይቁ አንድም ረድፍ አይመልስም። በኖት ኤግዚስትስ («የሚዛመድ ረድፍ የለም» በሚለው) መተካት ይሻላል።

ዓምዱ ባዶ መሆን ከሌለበት ሠንጠረዡ ሲሠራ ኖት ናል ይባላል። ዲፎልት ዜሮ (ዋጋ ሳይሰጥ ሲቀር በራሱ የሚሞላ ዜሮ) ብቻውን አይበቃም፤ ዓምዱ ሳይጠቀስ ሲቀር እንጂ ፕሮግራሙ ናልን በግልጽ ሲልክ አይሠራም። በቆየ ሠንጠረዥ ላይ ኖት ናል ለመጨመር መጀመሪያ ያሉትን ናሎች ቆጥሮ እያንዳንዱ ምን እንደሆነ ማጣራት፣ ከዚያ መሙላት፣ የኖት ናልን ገደብ በመጨረሻ ማስቀመጥ ነው።