ላሽ ምንድን ነው? ራስ ላይ የታየ ባዶ ቦታ ሁሉ ላሽ አይደለም

ሰሞኑን አንዲት እናት ከአዘዞ ወደ እኔ መጣች። ነጠላዋን ገለጥ ስታደርግ ራሷ ላይ ፀጉር የሌለው ሁለት ክብ ቦታ ታየኝ፤ ሳንቲም ሳንቲም ያክላሉ። ቆዳው ተልጦ ውሃ ቋጥሯል። እንዲህ ያደረጋት ላሹ አይደለም፣ ነጭ ሽንኩርት ነው። «ላሽ ፈንገስ ነው፣ በሽንኩርት እሺው፣ ይጋባልና ከልጆችሽ ተለይተሽ ተኚ» ብሏታል አንዱ።

ወንድሜ፣ ላሽ ፈንገስ አይደለም። አይጋባምም። የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የራሱን የፀጉር ሥር ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። የደምቢያን የጤፍ ማሳ አስበው። ጠባቂው ባለቤቱን ሌባ መስሎት አባረረው። ዘሩ ግን አፈር ውስጥ አለ፣ አልሞተም። ጠባቂው ሲረጋጋ ይበቅላል። ትንሽ ላሽ ብዙ ጊዜ በዓመት ውስጥ ያለ መድኃኒት የሚመለሰው ለዚህ ነው። ሽንኩርቱም ያልሠራበትን ምስጋና የሚወስደው ለዚሁ ነው።

አንተ የምትለው ፈንገስ ቆረቆር ነው። እሱ ቡቃያ የሚበላ ተባይ ነው። ቅርፊት ያወጣል፣ ያሳክካል፣ ፀጉሩን ይሰባብራል። የሚጋባው እሱ ነው፤ በብዛትም ልጆችን ይይዛል። ቅባት ብቻውን ሥሩ ድረስ ስለማይዘልቅ እንደ ግሪሲዮፉልቪን ያለ የሚዋጥ መድኃኒት ለሳምንታት ይፈልጋል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሦስተኛው ነው። ለጥምቀት ተብሎ ጥብቅ ሹሩባ፣ ከዚያ ለሠርግ፣ ከዚያ ለፋሲካ። ከግንባር ዳርና ከጆሮ በላይ ይሳሳል፤ ይሄንንም «ላሽ» ይሉታል። ቡቃያውን በየጊዜው እየጎተቱ ማሳውን መውቀስ ነው። ቶሎ ከላላ ይመለሳል። ለዓመታት ከቀጠለ ግን ሥሩ ጠባሳ ይሆናል፣ አፈሩ ድንጋይ ሆነ ማለት ነው። ያኔ መድኃኒት ብዙም አይረዳም። እህቴ፣ ሹሩባው ካመመሽ ጠብቋል፤ ያኑ ቀን አስፈቺው።

ትንሽ ላሽን በስቴሮይድ መርፌ እናክማለን፤ እዚያው ቦታ ላይ፣ በየ4 እስከ 6 ሳምንቱ። አንዳንዴ ቆዳው ይሰረጉዳል፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ይሞላል። መርፌው ጠባቂውን ያረጋጋዋል እንጂ አመሉን አያስጥለውም፤ ላሽ ሌላ ጊዜ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። ደግሞ ፀጉሩ ብል የበላው ጨርቅ ከመሰለ፣ ቂጥኝም እንዲያ ስለሚያረግፈው፣ የቂጥኝ ምርመራ እናዛለን፤ አትቀየሙን።

ለአዘዞዋ እናት መርፌውን ገና አልጀመርንላትም፣ መጀመሪያ ቃጠሎው ይዳን። ከልጆችሽ ጋር ግን ዛሬውኑ ተኚ አልኳት።